ከመጠጥ የተፈታ ሰው እንዴት ይታሰባል

በአገራችን ሰው በሞተ ጊዜ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ያመጣል፤ ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ተሰብስቦ ያለቅሳል። በቀብሩም ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። በዚህ ዓመት ተወለደ፥ በዚህ ትምህርት ቤት ተማረ፥ በዚህ መሥሪያ ቤት አገለገለ፥ ይህን ያህል ልጆች ወለደ ይላል። ይህ ሁሉ መልካም ልማድ ነው፤ ሰው ያለ አንዳች ቃል አይቀበርምና።

ነገር ግን በዚህ ንባብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ሟቹ ብዙ ዓመት የመጠጥ ባሪያ ሆኖ ኖሮ፥ በኋላ በብዙ ድካም ከዚያ ባርነት ወጥቶ፥ ሌሎችንም ደግፎ ያወጣ ሰው ቢሆን፥ አንባቢው ያንን ዘመን በዝምታ ያልፈዋል። ስለ ምን እንዲህ ታደርጋለህ ብላችሁ ብትጠይቁት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላችኋል። እኔ ግን ይህ ዝምታ ሟቹን የሚያከብር መስሎ የሚያሳንሰው ነው እላለሁ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ይሰርዝበታልና።

በአዲስ አበባ ከተማ በቦሌ በኩል አትላስ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከአንድ ሆቴል ነው። ቀን ቀን ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሮጥበታል፤ ማታ ደግሞ የመጠጥ ቤቶች መብራት ይበራበታል፤ ሙዚቃም ይሰማበታል። በዚህ ሠፈር ድንኳን ተተክሎ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፥ ከለቀስተኞቹ መካከል ወደ ጥግ ተጠግቶ የተቀመጠ አንድ ሰው አስቡ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃ የያዘበትን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞታል። እርሱ ሟቹን የሚያውቀው በደኅና ዘመኑ ብቻ ነው። ሟቹም ከሃያ ዓመት በፊት እንደ እርሱ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ «እርሱ ከጥንት ጀምሮ ብርቱ ሰው ነበረ፤ እኔ ግን ደካማ ነኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ወደ ማታም እግሩ ወደ ለመደው ቤት ይወስደዋል። ስለ ሟቹ አንዲት እውነተኛ ቃል ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ወደ ሌላ በር ይሄድ ነበር።

ይህን አሳብ በባዶ ቃል ብቻ እንዳልተውባችሁ፥ ታሪኩ በዓለም የታወቀ የአንድ ሐኪም ነገር ልንገራችሁ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሕመሙ ግን በአትላስም ያለ ሕመም ነው። ቀኖቹን እንድትረዷቸው በእኛ አቈጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍል አክሮን የምትባል ከተማ አለች። በጎማ ፋብሪካዎችዋ የታወቀች ነበረች። በዚያች ከተማ ሮበርት ስሚዝ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ይኖር ነበር። ሚስቱ አን ትባላለች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ነበሯቸው። ይህ ሐኪም ብልህና ደግ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ ይጠጣ ነበር። በመጀመሪያ ለጨዋታ ጠጣ፤ በኋላም ያለ መጠጥ መተኛት አልቻለም፤ በመጨረሻም ጠዋት ተነሥቶ እጁን ለማጽናት ካልጠጣ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካልዋጠ ወደ ሥራው መሄድ አቃተው። አስቡት፤ የሰውን ሥጋ በስለት የሚከፍት እጅ ነው።

መንግሥት ሊረዳው የሚችል መስሎት ነበር። አሜሪካ ከ1912 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ መጠጥ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላ ነበርና፥ ስሚዝ «እንግዲህ መጠጥ ከሌለ እኔም እድናለሁ» ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ለሐኪሞች አልኮልን ለመድኃኒት ይፈቅድ ነበር፤ በስውር የሚሸጡም ሰዎች በዙ። እርሱም መጠጣቱን አልተወም። በእኛም አገር ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትንባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ትንባሆ ግን ከአገሩ አልጠፋም። ሕግ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥለት ማዘዙ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥንም ስለ መጠጥ ማስታወቂያ እንዳይነገር መከልከሉ ለእናንተ ለልጆች ጥሩ አጥር ነው። አጥር ግን ገና ያልገባውን ይጠብቃል እንጂ ገብቶ የተያዘውን አያወጣም።

አን ባልዋን ለማዳን ኪሱን ትፈትሽ ነበር። እርሱም ጠርሙሱን በከሰል ማኖሪያው ውስጥ፥ ከበር መቃን በላይ፥ በምድር ቤቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደብቅ ጀመር። ኪሱ እንደሚፈተሽ ባወቀ ጊዜ ትንንሽ ጠርሙሶች ገዝቶ በካልሲው ውስጥ ከሱሪው በታች ሸሸጋቸው። ይህም ብልሃት ለጊዜው ሠራለት። አንድ ቀን ግን ባልና ሚስት ሲኒማ ለማየት አብረው ሄዱ፤ በሲኒማውም ውስጥ የሚጫወተው ሰው ጠርሙሱን በዚያው ዓይነት ሲሸሽግ ታየ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲውም ይፈተሽ ጀመር። ይህን ያወራው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ስሚዝ ነው ከዳነ በኋላ የጻፈው። ስታነቡት ትሥቁ ይሆናል፤ እርሱም ያሣቀን ወዶ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ያደጉት ሁለት ልጆች በዚያን ጊዜ የሚሥቁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እንሂድ። ዊልያም ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ ነበረ። እርሱም በመጠጥ ምክንያት ሥራውንና ገንዘቡን አጥቶ በሚስቱ በሎይስ ደመወዝ ይኖር ነበር። ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ገብቶ ወጥቶ፥ በመጨረሻ ታኅሣሥ 2 ቀን 1927 ዓ.ም. መጠጥ ተወ። ሐኪሙም ዶክቶር ሲልክዎርዝ ይህ ነገር የጠባይ ብልሹነት ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ሕመም መሆኑን አስረድቶት ነበር። ዊልሰን ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ በየሐኪም ቤቱ እየዞረ ሰካራሞችን ለማዳን ደከመ፤ ይመክራል፥ ይሰብካል፥ ወደ ቤቱም ያመጣቸዋል። ከእነዚያ ሁሉ አንድ ስንኳ መጠጥ የተወ አልተገኘም። ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ሎይስ አንድ ነገር አስታወሰችው፤ ሌሎቹ ባይድኑም እርሱ ራሱ ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ አልጠጣም ነበር። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ከመውረሯ አምስት ወር ያህል አስቀድሞ፥ ዊልሰን ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን ሄደ። ጉዳዩም አልተሳካም። ባልንጀሮቹ ጥለውት ሄዱ፤ በኪሱም ጥቂት ገንዘብ ብቻ ቀርቶት በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ይመላለስ ጀመር። በአዳራሹ በአንድ በኩል የመጠጥ ክፍሉ ነበረ፤ ከዚያም ሣቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሌላው በኩል ስልክ ነበረ፤ በአጠገቡም የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ተሰቅሏል። ዊልሰን ፈራ። ያን ጊዜ ለመዳን የሚያስፈልገው ሌላ የሚጠጣ ሰው አግኝቶ መነጋገር መሆኑ ገባው። ወደ ስልኩም ሄዶ ለአንድ ቄስ ደወለ፤ ቄሱም የሌሎች ሰዎችን ስም ሰጠው፤ እርሱም ከአንዱ ወደ አንዱ እየደወለ በመጨረሻ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት አገኘ። እርስዋ የስሚዝን ቤት ታውቅ ነበር፤ ስለ እርሱም ከወዳጆችዋ ጋር ትጸልይ ነበር።

ሄንሪየታ ወዲያው ለአን ደወለች። አን ግን በዚያን ቀን መምጣት እንደማይችሉ ነገረቻት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በማግሥቱ የእናቶች ቀን ይከበር ነበርና ስሚዝ ለሚስቱ በሸክላ የተተከለ አበባ ገዝቶ መጥቷል፤ አበባውን በጠረጴዛ ላይ አኑሮ እርሱ ራሱ ግን በስካር ተዘርሯል። አበባ የሚያመጣው ልቡና የተዘረረው ሥጋው የአንድ ሰው ናቸው። የሚጠጣ ሰው ቤተ ሰቡን አይወድም የሚሉ ሰዎች ይህን አያስተውሉም።

በማግሥቱ ግንቦት 4 ቀን ስሚዝ ራሱ እየተበጠበጠ መጣ። አስቀድሞም ከ15 ደቂቃ የበለጠ እንደማይቀመጥ ሚስቱን ቃል አስገብቶ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ገብተው ሁለቱ ሰዎች ለብቻቸው ተቀመጡ፤ የወጡትም ሌሊት ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ዊልሰን በዚያን ቀን አልሰበከም፤ አልገሠጸምም። ስለ ራሱ ብቻ ተናገረ፤ እንዴት እንደ ጠጣ፥ እንዴት እንደ ዋሸ፥ እንዴት እንደ ፈራ። ስሚዝ ከዚያ ቀን በፊት የሐኪም መጻሕፍትን ሁሉ አንብቧል፤ ምክርም ከብዙ ሰው ሰምቷል። ነገር ግን ስለዚህ ሕመም ከራሱ ሕይወት አውቆ የሚናገር ሰው ሲገጥመው ያ የመጀመሪያው እንደ ነበረ በኋላ ጽፏል።

ልጆች ሆይ፥ ክርክሬ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል። ዊልሰን በዚያ ክፍል ውስጥ ለስሚዝ የሰጠው ገንዘብ አልነበረም፤ መድኃኒትም አልነበረም። የሰጠው የራሱን የውድቀት ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ቢደበቅ የሚሰጠው ምንም ነገር አልነበረውም። ታዲያ የሰውየውን መልካምነት ስናነሣ ውድቀቱን የምንሰርዘው እንዴት አድርገን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የዳነበትን መንገድ የደበቀም ለሌላው መድኃኒት አይሆንም።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ስሚዝ ጥቂት ሳምንት ቈይቶ ወደ ሐኪሞች ጉባኤ ሄደና እንደ ገና ጠጣ፤ ሰክሮም ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ነበረበት፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰውነት መጠጥ በድንገት ሲቀርበት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ያንፈራግጠዋል፥ እስከ ሞትም ያደርሰዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው መጠጥ ሲተው ሐኪም አጠገቡ ሊኖር ይገባል፤ ይህን ታላላቆቻችሁም ቢያውቁት መልካም ነው። ዊልሰን በዚያ ጠዋት እጁ እንዲጸናለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጠው። ቀኑ ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበር፤ ያም ቢራ ስሚዝ በሕይወቱ የቀመሰው የመጨረሻ መጠጥ ሆነ። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ሰዓቱ አልፎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ አንና ዊልሰንም ሊጠጣ ሄዷል ብለው ተጨነቁ። እርሱ ግን በከተማው እየዞረ የበደላቸውንና የሚሸሻቸውን ሰዎች በየቤታቸው ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በአክሮን ሐኪም ቤት ወደ ተኛ አንድ ጠበቃ ሄዱ። ይህ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ በመጠጥ ምክንያት የገባ ነበር። ለእርሱም እንደዚሁ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩት፤ ከዚያም ሐኪም ቤት ወጥቶ እስኪሞት ድረስ አልጠጣም። ሦስቱ መቶ ያህል ሆኑ፤ በኋላም ማኅበር ሆኑ። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ማኅበሩም በመጽሐፉ ስም «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ተባለ፤ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሕሙማን ማለት ነው። ዛሬ ይህ ማኅበር በ180 ያህል አገሮች ይገኛል። የአባልነት ክፍያ የለውም። ስብሰባቸውም ቀላል ነው፤ አንዱ ተነሥቶ የደረሰበትን ይናገራል፥ ሌሎቹ ይሰማሉ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ስሚዝ ወደ ቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት ሄዶ ኢግናሲያ የምትባል አንዲት መነኵሲት ለመነ። በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤቶች ሰካራም አይቀበሉም ነበር። መነኵሲቲቱም ሕመምተኛውን በመዝገብ ላይ የጨጓራ ሕመም አለበት ብላ ጽፋ አስገባችው፤ ሰው እንዳያየውም ለሕሙማን የሚመጣው አበባ በሚሰናዳበት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስተኛችው። መነኵሲት ሐሰት መጻፏ ደግ ነው ወይ ብላችሁ አስተማሪያችሁን ጠይቁ፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሚዝ እስኪሞት ድረስ በ11 ዓመት ውስጥ ከእርስዋ ጋር ወደ 5,000 የሚሆኑ የመጠጥ ሕሙማንን አከመ፤ ስለዚህም ሥራ ዋጋ አልተቀበለም። ሌላም ነገር ጽፏል፤ መጠጥ ከተወ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የመጠጥ አምሮቱ ከእርሱ አልራቀም ነበር። ታማሚዎቹን በሚረዳበት ወራት እርሱም ይታገል ነበር ማለት ነው። ሰውን መርዳት ለእርሱ ከዳነ በኋላ የሰጠው ምጽዋት አይደለም፤ የየዕለት መድኃኒቱ ነበረ። ሎይስ በኒው ዮርክ ያየችውም ይኸው ነው።

በእኛ ልማድ ይህ አዲስ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ስንክሳሩን ይመልከት። በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው አባ ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረ መነኵሴ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወገንም እንደ ሆነ ይነገራል። እርሱ አስቀድሞ ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አልደበቀችም፤ ከቅድስናው ጋር አብራ ታነበዋለች። መነኰሳት በአንድ ወንድማቸው ላይ ሊፈርዱ በጠሩት ጊዜ፥ ሙሴ አሸዋ የሞላበት የተቀደደ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋውም ከኋላው ይፈስ ነበር። የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ በሌላው ላይ ለመፍረድ መምጣቱን በዚህ አሳየ። ሽፍትነቱ ከታሪኩ ቢወጣ ይህን ከረጢት ማን ይረዳዋል? አባቶቻችን ለቅዱሱ ያላፈሩበትን እኛ ለአጎታችን የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«የሟቹ ልጆችስ አያፍሩምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ ድንበር አኖራለሁ። ሰውየው በሕይወቱ ሳለ ያልተናገረውን ሌላ ሰው ሊናገርበት አይገባም፤ የሰው ምስጢር የባለቤቱ ነው። በእነዚያ ሰዎች ማኅበር አባላት የሌላውን ስም ወደ ውጭ እንዳያወጡ የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው። እናንተም በሠፈራችሁ አንድ ሰው መጠጥ ወይም ጫት እንደ ተወ ብታውቁ በመንገድ ላይ አታውሩት። ነገር ግን ሰውየው ራሱ በአፉ የተናገረው፥ ሌሎችንም ያዳነበት ታሪክ ከሆነ፥ ከሞተ በኋላ እንደ ነውር መቅበር መልሶ ወደ ዝምታው ማሰር ነው።

ልጆቹም ቢሆኑ የሚያፍሩት ዝም ስለ ተባለ ነው። በሽታ መሆኑን ያልተነገረው ልጅ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስደዋል፤ «እኔ ስላስቸገርሁት ነው አባቴ የሚጠጣው» ይላል። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚያስብ ልጅ ቢኖር ስማኝ፤ አንተ አላመጣኸውም፤ ጠርሙሱን በመድፋትም አትፈውሰውም። አን ካልሲ ድረስ ፈትሻ አልቻለችም። ለምታምናት አክስትህ ወይም ለአስተማሪህ ንገር፤ በአዲስ አበባም እንደ አማኑኤል ባሉት የአእምሮ ሐኪም ቤቶች ለዚህ ሕመም ሕክምና ይሰጣል።

የዊልሰን ሚስት ሎይስ እንኳ ከባልዋ መዳን በኋላ ብዙ ተቸግራለች። አንድ ቀን ባልዋ ወደ ስብሰባው ቶሎ እንሂድ ሲላት ተቈጥታ ጫማዋን ወረወረችበት። በኋላም ምክንያቱን መረመረችው፤ ብዙ ዓመት በፍቅርዋ ልታድነው ደክማ ሳትችል፥ ሌሎች ሰዎች በጥቂት ጊዜ ስላዳኑት ቀንታ ነበር። ይህን ደብቃ አልተቀመጠችም። በ1943 ዓ.ም. ለሚጠጡ ሰዎች ቤተ ሰቦች ሌላ ማኅበር አቋቋመች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ እ.ኤ.አ. በ1957፥ በካሊፎርንያ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ለልጆች የሚሆን ክፍል ጀመረበት። ዊልሰን ጥር 16 ቀን 1963 ዓ.ም. ሞተ፤ ያ ቀን የጋብቻቸው 53ኛ ዓመት ነበር። ሎይስም ከእርሱ በኋላ 17 ዓመት ኖራ ስለ እርሱ ለጠየቃት ሁሉ ስትናገር ስካሩንም ደግነቱንም አልለየችም።

ስሚዝ የሞተው ከእርሱ አስቀድሞ ኅዳር 7 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። በታመመ ጊዜ ወዳጆቹ ለእርሱና ቀድማው ለሞተችው ለአን ትልቅ የመታሰቢያ ሐውልት ሊሠሩ አሰቡ፤ እርሱ ግን እንደ ሌላው ሰው እንዲቀበር ፈልጎ እንቢ አለ። በአክሮን ያለው መቃብሩ እንደ ጎረቤቶቹ መቃብር ያለ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ስለ ማኅበሩ የሚናገር አንድም ቃል አልተጻፈም። መጠጥ ከተወበት ቀን ጋር አያይዘው በየዓመቱ በሰኔ ወር መጀመሪያ ከብዙ አገር ብዙ ሺሕ ሰዎች ወደዚያች ከተማ ይመጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በማለዳ ወደ መቃብሩ ሄደው፥ ሳይጠጡ የኖሩበት ወር ወይም ዓመት የተጻፈበትን ሳንቲም የመሰለ ምልክት ከኪሳቸው አውጥተው በድንጋዩ ላይ አኑረውት ይሄዳሉ።